ፊት ያገኙና ፊት ያጡ

እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ የሁለት ሚስዮናውያን ፊት በቀለም ታተመ። አንደኛው በደቡብ ባሕር ደሴቶች ሲያስተምር ኖሮ፣ ከአራት ዓመት በፊት ኤሮማንጋ በተባለች ደሴት ዳርቻ የተገደለው ጆን ዊልያምስ ነው። ሁለተኛው በደቡብ አፍሪካ፣ ኩሩማን በተባለ ስፍራ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሴትስዋና ቋንቋ ሲመልስ የነበረው ሮበርት ሞፋት ነው። ሞፋት ለጥቂት ዓመታት አገሩ ሰንብቶ በዚያው በ1843 እንደገና ወደ አፍሪካ ተሳፈረ። አንዱ ሙት፣ አንዱ ሕያው ነበሩ። የሁለቱንም ፊት በወረቀት ላይ ያስቀረው ግን ጆርጅ ባክስተር የተባለ አንድ አታሚ ነው።

እነዚህን ምስሎች የማነሣው ለኅትመት ታሪክ ስል ብቻ አይደለም። ሰው በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን፣ ወደፊትም የማያየውን ሰው እንዴት ሊወድ፣ እንዴት ሊያስብለት፣ እንዴት ገንዘቡን ሊሰጥለት ይችላል የሚለው ጥያቄ ስላለባቸው ነው። ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄም አለባቸው፤ ለአንዱ ፊት ስንሰጥ አጠገቡ የቆመውን ምን እናደርገዋለን? እኔ የማምነው ይህን ነው፤ ለሩቅ ሰው ፊት መስጠት የፍቅር ሥራ ነው፤ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ መወሰን ግን የፍርድ ሥራ ነው። ፍቅሩን እያመሰገንን ፍርዱን ሳንመረምር ከቀረን ምስሉን ያየነው በግማሹ ብቻ ነው።

ባክስተር በ1804 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ እንግሊዝ፣ ሉዊስ በተባለች ከተማ የተወለደ የአታሚ ልጅ ነው። የቀለም ኅትመት ስልቱን በ1835 በፓተንት አስመዘገበ። ስልቱ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። በመጀመሪያ የምስሉ መስመርና ጥላ በሙሉ በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በወረቀት ይታተማል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ሰሌዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእንጨት፣ ይቀረጻል፤ ለሰማዩ ሌላ፣ ለቅጠሉ ሌላ፣ ለልብሱ ሌላ፣ ለጉንጩ ሌላ። በዘይት የተለወሰው ቀለም በእጅ ማተሚያ በየተራ ይደረባል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይከተልም። ወረቀቱ በየዙሩ ከቀድሞ ቦታው ፈቀቅ እንዳይል በሹል መርፌዎች ይያዛል። ለአንድ ምስል ብዙ ጊዜ አሥር ያህል፣ አንዳንዴም ሃያ ያህል ሰሌዳ ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ስልት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሰሌዳው ባልተዘጋጀበት ቦታ ቀለም አይደርስም። ከባክስተር በፊት በነበረው ልማድ፣ በጥቁር መስመር የታተመ ሥዕል በብሩሽ አንድ በአንድ በእጅ ይቀባ ነበርና የቀቢው ስሜትና ድካም በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ይለያይ ነበር። በባክስተር ሰሌዳዎች ላይ ግን እያንዳንዱ የቀለም ጠብታ አስቀድሞ የታሰበ፣ የተወሰነ፣ በመቅረጫ የተቆፈረ ነው። እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ ቀለም የለም፤ እንዲሁ በአጋጣሚ የቀረም የለም። ስለዚህ እነዚህን ምስሎች ስንመለከት ከሰው መልክ ጋር ውሳኔም እናያለን፤ ማን በዝርዝር ይታይ፣ ማን በጥቅሉ ይታለፍ፣ ማን በስሙ ይጠራ የሚል ውሳኔ።

ቀለሙስ ለምን አስፈለገ? ከ1793 ጀምሮ ይወጣ የነበረው «ኢቫንጀሊካል ማጋዚን» የተባለው መጽሔት የሰባኪዎችን ምስል በጥቁር ቅርጽ እያተመ ለምእመናን ያደርስ ነበር። ሰውየው ማን እንደሆነ ለመለየት ያ ይበቃ ነበር። ነገር ግን መለየትና መቅረብ አንድ አይደሉም። ጥቁሩ መስመር ስለ ሰውየው ይነግረናል፤ የጉንጩ ደም፣ የዓይኑ ብሌን፣ የሸሚዙ ንጣት ሲጨመርበት ግን ሰውየው ራሱ ከፊታችን የተቀመጠ ይመስለናል። ባክስተር ሥራውን «በዘይት ቀለም የታተመ» እያለ ያስተዋውቅ የነበረው በከንቱ አይደለም። እስከዚያ ዘመን ድረስ በዘይት ቀለም መሣል የባለጠጋና የመኳንንት ዕድል ነበር። ሞፋት ግን አትክልተኛ ነበር። ዊልያምስም በወጣትነቱ የብረታ ብረት ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ ሙያ የተማረ ሰው ነው። የእነዚህ ሰዎች ፊት በመኳንንቱ ቀለም ታትሞ በእነርሱው መደብ ሰዎች እጅ መግባቱ፣ የሠራተኛው መልክም ሊታይና ሊከበር የሚገባው መሆኑን የመሰከረ ታላቅ ነገር ነው። ይህን ክብር አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም።

አሁን ወደ ጠለቀው ነገር እንግባ። ዊልያምስንና ሞፋትን የላካቸው በ1795 የተመሠረተው የለንደን ሚስዮናውያን ማኅበር ነው። የማኅበሩ ደጋፊዎች አብዛኞቹ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። የጸሎት ቤቶቻቸው ግድግዳ ባዶ ነው፤ የቅዱሳን ሥዕል አይሰቀልበትም፤ ሻማ አይበራበትም። እግዚአብሔርን በቃሉ ብቻ እናገኘዋለን ብለው ሥዕልን ከቤተ ጸሎት ያስወጡት አባቶቻቸው ናቸው። በዚያው ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያንም ከካህናቶቻችን ጋር ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ለቅዱሳንና ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ነበር። ይሁን እንጂ ከጸሎት ቤት የወጣው ሥዕል በመኖሪያ ቤት በኩል ተመልሶ ገባ። ጻድቁ ሰው፣ ስለ እምነቱ የተንከራተተው፣ አንዳንዴም ደሙን ያፈሰሰው፣ በቀለም ታትሞ በክፈፍ ውስጥ ተቀመጠ። አልሰገዱለትም፤ ሻማም አላበሩለትም። ግን ከሌሎች ሰዎች ለይተው ፊቱን በቤታቸው አኖሩት።

ይህን የማነሣው ተቃርኖ አገኘሁባቸው ለማለት አይደለም። ከዚህ የምማረው የሰው ልጅ ልብ ፊት የሌለውን ነገር ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ መጓዝ እንደማይችል ነው። ዓላማ ብቻውን አያሞቅም። «ወንጌል ለዓለም ሁሉ» የሚለው አሳብ ምንም ያህል ታላቅ ቢሆን፣ ማታ ደክሞት ቤቱ ለሚገባ ሸማኔ የሚቀርበው በአንድ ሰው መልክ በኩል ሲመጣ ነው። ሥዕልን የሚያከብሩም ሥዕልን የሚነቅፉም በዚህ ይገናኛሉ።

ልዩነቱ ግን ከዚህ ይጀምራል። በእኛ ልማድ ሥዕሉን ያሣለው ሰው ራሱ በሥዕሉ ውስጥ ይገኛል። በጣና ሐይቅ፣ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ያሣለው ሰው ንጉሥም ይሁን ንግሥት ከቅዱሱ እግር በታች ዝቅ ብሎ፣ ብዙ ጊዜም ስሙ ተጽፎለት ይታያል። ተመልካቹም ከፋዩ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደለመነ፣ ከማን በታች እንደሆነ በዓይኑ ያያል። በባክስተር ሥዕሎች ላይ ግን የከፈለው ሰው አይታይም። የከፈለው ወረቀቱን በእጁ የያዘው ራሱ ተመልካቹ ነው። ከሥዕሉ ውጭ ሆኖ ወደ ውስጥ ያያል እንጂ በሥዕሉ ውስጥ ሆኖ አይታይም። ከዚያም የተነሣ ለምን ይህን ማየት እንደፈለገ የሚጠይቀው የለም። የማይታይ ከፋይ የፈለገውን ብቻ ሊያይ ይችላል።

ደግሞም ይህ ምስል እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ ቦታ የለውም። የናርጋን ሥዕል ሊያይ የሚወድ ሰው በታንኳ ይሻገራል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ሥዕሉ በተቀመጠበት ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ያየዋል። የታተመው ፊት ግን ራሱ ወደ ተመልካቹ ይሄዳል፤ በአንድ ቀን በብዙ ከተሞች፣ በብዙ ቤቶች ይገኛል፤ ሁሉም ቅጂ እኩል ነው፤ የበላይ የሆነ አንድ ቅጂ የለም። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ፊት አይተው አንድ ማኅበር ይሆናሉ። ይህ አዲስ ኃይል ነበር። የዊልያምስ ሞት ለንደን ከተሰማ በኋላ የእንግሊዝ ሕፃናት ሳንቲም እያዋጡ ከ6,000 ፓውንድ በላይ አሰባሰቡ። በዚያም ገንዘብ በ1844 በስሙ «ጆን ዊልያምስ» የተባለች መርከብ ለደቡብ ባሕር ተላከች። ሕፃናቱ ያላዩትን ባሕርና ያላገኙትን ሰው ያቀረበላቸው በየስብሰባው የተነገረው ታሪክ፣ በየቤቱ የተነበበው መጽሐፍና በየእጁ የዞረው ሥዕል ነው። ሩቅ የነበረው ፊት ቅርብ ሆነ፤ ቅርብ የሆነው ፊት እጅን አስፈታ።

እስከዚህ ያለው የፍቅሩ ወገን ነው። ፍርዱን ለማየት በ1841 ወደታተሙት ሁለት ሥዕሎች መሄድ ያስፈልጋል። አንደኛው ዊልያምስ ከመገደሉ በፊት በነበረው ቀን ታና በተባለች ደሴት የተደረገለትን አቀባበል ያሳያል። ሁለተኛው ኖቬምበር 20 ቀን 1839 በኤሮማንጋ ዳርቻ ጄምስ ሃሪስ ከተባለ ጓደኛው ጋር የተገደለበትን ሰዓት ያሳያል። ባክስተር ሁለቱንም ስፍራ አላየም፤ ከመርከቡ ሰዎች በተገኘ ወሬ ተመርኩዞ ነው ያቀናበራቸው። እንግሊዛዊው ተመልካች ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ አየ፤ ትናንት ፈገግታ፣ ዛሬ ዱላ። ምክንያቱ የት ነው? በወረቀቱ ላይ የለም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ተመልካቹ የራሱን ምክንያት ይጽፍበታል፤ «አረመኔ ስለሆኑ ነው» ይላል።

ነገር ግን ኤሮማንጋ ትናንት ነበራት። በ1825 ፒተር ዲለን የተባለ መርከበኛ በደሴቲቱ ላይ ሰንደል እንጨት እንዳለ አየ። ሰንደል እንጨት በቻይና ገበያ እጅግ የሚፈለግ ሸቀጥ ነበርና የነጋዴ መርከቦች ተከታትለው መጡ። ከእነርሱም ጋር ጠብ፣ ጠመንጃና በሽታ መጣ። ዊልያምስ ከጀልባው በወረደበት ቀን የደሴቲቱ ሰዎች ያዩት የሰላም መልእክተኛ አልነበረም፤ ከባሕር የሚመጣ ሌላ እንግዳ ነበር። ይህ ግድያውን ጽድቅ አያደርገውም፤ ሃሪስም ዊልያምስም ሰው አልበደሉም። ግን እውነቱን ሙሉ ያደርገዋል። ሥዕል ከባሕርዩ አንድን ቅጽበት ይዞ የሚቀር ነገር ነው፤ ከዚያ ቅጽበት በፊት የነበረውን ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህም በሥዕል ብቻ የሚፈርድ ሰው ሁልጊዜ የመጨረሻውን በደል ያያል፤ የመጀመሪያውን አያይም።

ለፍትሕ ሲባል ይህንም ልጨምር። በደቡብ ባሕር ደሴቶች ወንጌልን ከደሴት ወደ ደሴት ያዳረሱት ከሁሉ ይልቅ ደሴተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በ1823 ራሮቶንጋ ላይ ወርዶ ብቻውን ማስተማር የጀመረው ፓፔይሃ የተባለ የደሴቶቹ ሰው ነበር። ዊልያምስ በታና የመጨረሻ ቀኑን ሲያሳልፍም እዚያ ትቷቸው የሄደው የሳሞዋ መምህራንን ነው። መርከቡ ሲሄድ በማያውቁት አገር የቀሩት፣ በሽታውንና ሥጋቱን የተቀበሉት እነርሱ ናቸው። ልጆች ሳንቲም ያዋጡት ግን በዊልያምስ ስም ለተጠራች መርከብ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ በፓፔይሃ ስም ያን ያህል ልቡ የተነካ አልነበረም።

ባክስተር ለሌሎች ሕዝቦች ምንም ፊት አልሰጠም ብል ግን እዋሻለሁ። ዊልያምስ በ1837 ባሳተመው የጉዞና የአገልግሎት መጽሐፍ መግቢያ ላይ በባክስተር ቀለም የታተመው የራሮቶንጋ አለቃ ቴ ፖ ነው፤ በስሙ፣ በሙሉ ቁመናው፣ በገላው ንቅሳት። ይህ ሥዕል ከዊልያምስ ከራሱ የቀለም ምስል ስድስት ዓመት ይቀድማል። በ1845ም የታሂቲ ንግሥት ፖማሬ የፈረንሳይ ጦር ሲወርድባት በቤተሰቧ ተከብባ የምትታይበት ሥዕል ታተመ። ያን ጊዜ ፈረንሳይ ታሂቲን በጥበቃዋ ሥር አድርጋ ነበርና በእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ዓይን ፖማሬ ስለ እምነቷ የተሰደደች ንግሥት ነበረች። እነዚህ ሁለቱ ፊት አገኙ። ያገኙበት መንገድ ግን ያስተምራል። ቴ ፖ የታተመው ወንጌል ሳይደርስ የነበረውን ዓለም እንዲያሳይ ነው፤ ፖማሬ የታተመችው በእንግሊዝ ወገን ላይ የደረሰውን በደል እንድትመሰክር ነው። ሁለቱም የሚፈለጉበት ቦታ ስለነበረ ነው የተጠሩት። ፊት የተሰጣቸው ስለራሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌሎችም ብዙዎች በተጠሩ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በ1838 የታተመ አንድ ሥዕል ነው። ዋልተር ሜድኸርስት የተባለው ሚስዮናዊ ስለ ቻይና በጻፈው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ይገኛል። ርእሱ ሦስት ሰዎችን ይጠቅሳል። አንደኛው ሜድኸርስት ነው። ሁለተኛው አብሮት ወደ እንግሊዝ የመጣውና በትርጉም ሥራው ያገዘው ቻይናዊ ቹ ቲህ ላንግ ነው፤ ከሜድኸርስት ጋር ሲነጋገር ይታያል። ሦስተኛው «አንድ የማላይ ልጅ» ተብሏል፤ የሚያገለግላቸው እርሱ ነው። የመጀመሪያው በክብር ስም፣ ሁለተኛው በሙሉ ስሙ፣ ሦስተኛው ያለ ስም። ልጁ ከሥዕሉ አልተባረረም። ቀለምም አልተነፈገም፤ ለእርሱም ሰሌዳ ተቀርጾለታል፤ ለልብሱና ለቆዳው ቀለም ተለውሶለታል። የተነፈገው ስም ብቻ ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም እንደነበረው ግን አንጠራጠርም።

ከዚህ ሥዕል ፊት ቆሜ የምረዳው ነገር ቢኖር መታየት ብቻውን መታወቅ አለመሆኑን ነው። ፊት ያለ ስም ሰውን ወደ ዓይነት ይለውጠዋል፤ «የማላይ ልጅ»፣ «የደሴቱ ሰው»፣ «ባሪያ»፣ «አገልጋይ»። ስም ያለ ፊት ደግሞ ሰውን ወደ ዝርዝር ይለውጠዋል። ሰው ሙሉ ሆኖ የሚቆመው ሁለቱ ሲገናኙለት ነው። ሚስዮናዊው ሁለቱንም አገኘ፤ በሥዕሉ መልኩ፣ ከሥሩ ስሙ፣ እንዲያውም አንዳንዴ የገዛ እጁ ፊርማ።

በጃማይካም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዊልያም ኒብ በ1824 ወደዚያች ደሴት የተላከ የባፕቲስት ሚስዮናዊ ነው፤ ባርነትን በመቃወሙ ብዙ መከራ ተቀብሏል፤ እንግሊዝ ተመልሶም በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ስለ ባሮቹ ሥቃይ መስክሯል። በ1845 ከሞተ በኋላ ባክስተር በ1847 ፊቱን በቀለም አተመው። ሊታተም ይገባው ነበር። ነገር ግን በ1831 የገና በዓል ሰሞን ባሮቹ ሥራ እንዲያቆሙ ያነሣሣው፣ በዚያም ምክንያት በግንቦት 1832 በሞንቴጎ ቤይ አደባባይ የተሰቀለው ሳሙኤል ሻርፕ የዚያው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። በ1834 ተጀምሮ በ1838 ለተፈጸመው ነጻነት ሻርፕ የከፈለው ዋጋ ሕይወቱ ነበር። ባክስተር ለሻርፕ ሰሌዳ አልቀረጸም። ዛሬ ጃማይካ ብሔራዊ ጀግናዬ ብላ በገንዘብ ኖቷ ላይ አትማዋለች፤ ያ መልክ ግን ሠዓሊ በአሳቡ ያወጣለት ነው። አንድ ሕዝብ ጀግናውን ሲያስታውስ ፊቱን በምናብ ለመሥራት መገደዱ፣ በጊዜው ለማን ሰሌዳ ሊቀረጽ ይገባል ብለው የወሰኑ ሰዎች የተዉት ዕዳ ነው።

አሁን ስለ ማተሚያው ራሱ ላስብ። ኒብ ሚስዮናዊ ከመሆኑ በፊት ሙያው ኅትመት ነበር። ሜድኸርስትም በ1817 ማላካ የደረሰው በአታሚነት ተልኮ ነው። ሞፋት በ1831 ማተሚያ በበሬ ሠረገላ ወደ ኩሩማን አስገብቶ በሴትስዋና ማተም ጀመረ፤ በ1840 ሐዲስ ኪዳኑ ለንደን ታተመ፤ መጽሐፍ ቅዱሱ በሙሉ በ1857 ተፈጸመ። እንግዲህ አንድ መሣሪያ ሁለት ሥራ ሠራ። በኩሩማን ለአገሩ ሕዝብ በቋንቋው ቃል አተመ፤ በለንደን ለላኪዎቹ የመልእክተኛውን ፊት አተመ። ቃሉን ለማዘጋጀት ግን ሚስዮናዊው ብቻውን አልበቃም። ትክክለኛውን ቃል የነገረው፣ የተሳሳተውን ያረመው፣ «እኛ እንዲህ አንልም» ያለው የቋንቋው ባለቤት ነበር። ወደ ለንደን በተላከው ፊት ላይ ግን ይህ ሰው የለም።

ይህ ታሪክ የእኛም ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎመልን አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነው። ካይሮ ላይ የፈረንሳይ ቆንስል ከነበረው ከአሰላን ደ ሸርቪል ጋር ዓሥር ዓመት ያህል ሠርቶ ትርጉሙን ፈጸመ። በእጅ የተጻፈው ረቂቅ 9,539 ገጽ ነበር። አቡ ሩሚ በ1819 በወረርሽኝ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ዊልያም ጆወት የተባለ ሚስዮናዊ ረቂቁን ለብሪታንያው መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። በ1830ዎቹ ወደ ትግራይና ወደ ሸዋ የመጡት ሚስዮናውያን ሲያድሉት የነበረው የዚህን ሰው ላብ ነው። ባክስተር የሚስዮናውያንን ፊት በቀለም በሚያትምበት በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ለንደን የአቡ ሩሚ ቃል ይታተም ነበር። ቃሉ ደረሰን፤ ፊቱን ግን ማንም በቀለም አላተመልንም። ዛሬም ያን መጽሐፍ ቅዱስ ከሚያውቁት ይልቅ የተርጓሚውን ስም የሚያውቁት እጅግ ያንሳሉ።

«አንድ ሥዕል ሁሉን ሰው ሊይዝ አይችልም፤ ሠዓሊ መምረጥ ግድ ይለዋል» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነት ነው። መምረጥ ኃጢአት አይደለም፤ አለመምረጥም አይቻልም። ጥፋቱ የሚጀምረው የመረጥነውን ሙሉው ነገር አድርገን ስንወስደው ነው። ባክስተር ዊልያምስን መምረጡ አልበደለም፤ የእነፓፔይሃን አገልግሎት ግን ዊልያምስ ብቻውን የሠራው አስመስሎ ያስቀረው የተመልካቹ ስንፍና ነው። የማላይ ልጅ በሥዕሉ መኖሩ አልጎዳም፤ ስሙን የጠየቀለት ሰው አለመኖሩ ነው የጎዳው። ሥዕልን ከመስቀል ይልቅ የሚከብደው ሥዕሉ ያላሳየውን ማስታወስ ነው።

እነዚህን ምስሎች እንቅደድ፣ ከየሙዚየሙ እናውርድ ለሚሉም አልስማማም። በእነርሱ ውስጥ ያለው ፍቅር የውሸት አልነበረም። ሳንቲሙን ያዋጣው ሕፃን፣ በቀለም የታተመውን ፊት አይቶ የጸለየው ሸማኔ፣ በአገሩ ሊኖር ሲችል በሩቅ ደሴት የሞተው ሰው ክብር ይገባቸዋል። ፍቅር እውነትን ሲያገኝ ይጸናል እንጂ አይፈርስም። ለዚህ ምስክር አለኝ፤ በ2009፣ ዊልያምስ ከተገደለ 170 ዓመት በኋላ፣ ዘሮቹ ወደ ኤሮማንጋ ተጉዘው ከገዳዮቹ ዘሮች ጋር የዕርቅ ሥርዓት ፈጸሙ። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ስም ለስም ተዋወቁ። የ1841ዱ ሥዕል ያላደረገውን በአንድ ቀን አደረጉት፤ ለሁለቱም ወገን ፊት ሰጡ።

ባክስተር ራሱ ከስልቱ ብዙ አላተረፈም፤ በ1865 ከሰረ፤ በ1867 ሞተ። ሥራው ግን ቀርቷል፤ ትምህርቱም ለእኛ ነው። በየቤተ ክርስቲያናችን፣ በየትምህርት ቤታችን፣ በየቤተሰባችን ሳጥን የቆዩ ፎቶግራፎች አሉን። መካከል ላይ መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ ሚስዮናዊው፣ ሹሙ በስሙ ይጠራል፤ ግራና ቀኝ የቆሙት «ከረዳቶቻቸው ጋር» ተብለው ያልፋሉ። እነዚያን ሰዎች የሚያውቁ አረጋውያን ዛሬም በሕይወት አሉ። አንባቢ ሆይ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ፎቶግራፉን ይዘህ ሂድና ጠይቃቸው፤ የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ ከጀርባው ጻፍበት። አሳታሚም ብትሆን ስሙን ያልጠየቅህለትን ሰው ፊት አታትም።